ሦስት ማርሽ፣ ሁለት ብሎን

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ብስክሌተኛ ዳገቱ ሲጠናበት የፊቱን ማርሽ ወደ ትንሹ ያወርዳል። ካቴናው ግን ትንሹን ማርሽ አልፎት ይሄድና ከፍሬሙ ጋር ባለው ክፍተት ውስጥ ይወድቃል። ሙሉ ክብደቱን የጣለበት ፔዳል በድንገት ባዶ ይዞራል፤ ሰውየው ወደ ፊት ይወረወራል፤ ከኋላው ደግሞ ሚኒባስ እየመጣ ነው። እንዲህ ያለው ብስክሌት ብዙ ጊዜ በቅርቡ «የተስተካከለ» ነው። ምን እንደተደረገለት ባለቤቱ ቢጠየቅ፣ ማርሹ አልገባ ብሎ እንደነበረና ብሎኖቹን ጠምዘዝ እንዳደረጉለት ይናገራል።

ስለ ተራራ ብስክሌት ከሚነገሩ የተሳሳቱ እምነቶች ሁሉ ጉዳቱ የሚከፋው ይህ ነው፦ የፊት ማርሽ ሲያስቸግር መድኃኒቱ በዴራለሩ ላይ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ብሎኖች ማዞር ነው የሚለው። ዴራለር ካቴናውን በሁለት ዝርግ ብረቶች መካከል ይዞ ከአንዱ ማርሽ ወደ ሌላው የሚገፋው መሣሪያ ነው። ብሎኖቹ «ኤል» እና «ኤች» የሚል ምልክት አላቸው። ኤል የሚባለው ዴራለሩ ወደ ውስጥ፣ ማለትም ወደ ፍሬሙ፣ እስከ የት መሄድ እንደሚችል ይወስናል። ኤች ደግሞ ወደ ውጭ፣ ወደ ፔዳሉ ክንድ፣ እስከ የት እንደሚደርስ ይገድባል። ሁለቱም የድንበር ችካል ናቸው። ዴራለሩን ከድንበር ድንበር የሚወስደውና የሚመልሰው ሌላ ነገር ነው።

ለዚህ ማስረጃው እዚያው ብስክሌቱ ላይ አለ። ማርሾቹ ሦስት ናቸው፣ ብሎኖቹ ሁለት። ካቴናው መካከለኛው ማርሽ ላይ ሲሆን ዴራለሩ የትኛውንም ብሎን አይነካም፤ ባለበት የሚያቆመው ከመቀየሪያው ወደ ዴራለሩ የተዘረጋው ሽቦ ውጥረት ብቻ ነው። መቀየሪያው በአንድ ምት የሚስበው የሽቦ ርዝመት የተወሰነ ነው። ሽቦው ከላላ የዚያ ርዝመት ከፊሉ ልሉን ለመሰብሰብ ይባክናል፣ ዴራለሩም መድረስ ያለበት ቦታ ሳይደርስ ይቀራል። ካቴናው ከትንሹ ወደ መካከለኛው አልወጣ የሚለው፣ ብረት ከብረት እየታሸ የሚንሿሿው፣ በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነው። አዲስ ሽቦ ደግሞ የሚያልፍበት ልባስ ቦታ ቦታውን እስኪይዝ ድረስ መላላቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ገና ከሱቅ የወጣ ብስክሌት ብዙ ሳይነዳ ማርሹ መዛነፉ ብልሽት አይደለም።

አሁን ኤል ብሎኑን ያጠበቀው ሰው ምን እንዳደረገ እንይ። ዴራለሩ በትንሹ ማርሽ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ወደ ውጭ ገፍቶታል። እዚያ የነበረው ድምፅ ሊጠፋ ይችላል፣ ደንበኛውም ደስ ብሎት ይሄዳል። መካከለኛው ማርሽ ላይ ግን የተለወጠ ነገር የለም፤ ሽቦው አሁንም ልል ነው። በማግስቱ ሰውየው ተመልሶ ሲመጣ ብሎኑ በተቃራኒው ይዞራል፣ ከዚያም ሌላኛው ይነካካል። በዚህ መሃል ድንበሩ ከሚገባው በላይ ይሰፋና ካቴናው የሚያቆመው ያጣል። ወደ ውስጥ ሲወድቅ ፍሬሙን ይፍቃል፤ ወደ ውጭ ሲወድቅ ከፔዳሉ ክንድ ጋር ይቆላለፋል።

እምነቱ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። የጥንቶቹ መቀየሪያዎች ምት አልነበራቸውም፤ ነጂው ማንሻውን በእጁ እየገፋ ካቴናው ጸጥ የሚልበትን ቦታ በጆሮው ይፈልግ ነበር። በብዛት ተመርተው ለገበያ ከቀረቡ የተራራ ብስክሌቶች የመጀመሪያው የሚባለው፣ ስፔሻላይዝድ በ1981 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስታምፕጃምፐር፣ ፊት 3 ኋላ 5 ሆኖ 15 ማርሽ የነበረው በዚህ ዓይነት ማንሻ ነው። በዚያ ዘመን ሽቦው ትንሽ ቢላላ እጅ ያካክሰዋል፤ ስለዚህ ለጠጋኙ የሚቀረው ዋና ሥራ በእርግጥም ሁለቱን ብሎኖች መወሰን ነበር። በምት የሚሠሩ መቀየሪያዎች በ1980ዎቹ ከተስፋፉ ወዲህ ግን ትክክለኛው ቦታ ከእጅ ወደ ሽቦው ተዛውሯል። በድሮው ብስክሌት ሙያውን የተማረ ሰው ልማዱን ይዞ ቢቀጥል ይገባል። የማይገባው፣ በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ካቻቪቴ አንሥቶ «ሁለቱን ብሎን ብቻ አዙሩ» እያለ የሚያስተምረው ነው። ኤልና ኤች ምን እንደሚሠሩ ሳይናገር ሰው ዳገት ላይ እንዲወድቅ መንገድ ይጠርጋል።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ብሎኑን የሚነካው ከአቋም በኋላ ነው። መጀመሪያ የዴራለሩ አቋም ይታያል፦ የውጭው ዝርግ ብረት የታችኛው ጠርዝ ከትልቁ ማርሽ ጥርሶች በላይ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ክፍተት ይዞ፣ ከላይ ሲያዩት ደግሞ ከማርሹ ጋር ትይዩ ሆኖ መቆም አለበት። ከፍ ካለ ወይም ከተጣመመ የትኛውም ብሎን አያቃናውም፤ ከፍሬሙ ጋር ያሰረውን ማሰሪያ አላልቶ ማስተካከል ግድ ነው። ቀጥሎ ሽቦው ተፈትቶ ካቴናው ፊት ትንሹ፣ ኋላ ትልቁ ላይ ይደረጋል። በዚህ ጊዜ የውስጠኛው ብረት ካቴናውን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው፣ ከግማሽ ሚሊሜትር በማይበልጥ ክፍተት፣ ኤል ይስተካከላል። ከዚያ ሽቦው ተስቦ ይታሰርና ካቴናው ፊት ትልቁ፣ ኋላ ትንሹ ላይ ሲወጣ ኤች በዚያው ልክ፣ አሁን ከውጭው ብረት ጋር ባለው ክፍተት፣ ይወሰናል። ብሎን ሲጠብቅ ድንበሩ ይጠብባል፣ ሲላላ ይሰፋል።

መጨረሻ የሚመጣው መካከለኛው ነው። ሽቦው ከመቀየሪያው በሚወጣበት ቦታ በጣት የሚዞር ትንሽ ክብ ማስተካከያ አለ። ወደ ውጭ ሲፈታ ሽቦው ይወጠራል፣ ወደ ውስጥ ሲገባ ይላላል። ካቴናው ወደ መካከለኛው ለመውጣት ካመነታ ሩብ ዙር ወደ ውጭ፤ ከመካከለኛው ወደ ትንሹ ለመውረድ ከዘገየ ሩብ ዙር ወደ ውስጥ። ድንበሮቹ አንዴ በትክክል ከተወሰኑ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ለአብዛኛው ችግር ካቻቪቴ አያስፈልግም፤ ሁለት ጣት ይበቃል። በዚህም ያልተፈታ ካለ የሚመረመረው ልባሱ ውስጥ የገባ ጭቃና ዝገት ነው፤ በእነዚህ የተያዘ ሽቦ የቱንም ያህል ቢወጠር በልኩ አይመለስም።

ብሎን መንካት የሚገባበት ጊዜ የለም ማለት አይደለም። ካቴናው ከትንሹ ወደ ውስጥ ወይም ከትልቁ ወደ ውጭ ደጋግሞ የሚወድቅ ከሆነ ድንበሩ በእርግጥም ሰፍቷል፣ መጥበብ አለበት።

ከቀሩት እምነቶች አንዱ ለዚሁ ስህተት በር የሚከፍት ነው፦ ማርሽ ድምፅ ካሰማ ተበላሽቷል የሚለው። ፊት ትልቁና ኋላ ትልቁ፣ ወይም ፊት ትንሹና ኋላ ትንሹ ሲጣመሩ ካቴናው ሰያፍ ስለሚሄድ ከዴራለሩ ጋር ቢታሽ የሚጠበቅ ነው። ካቴናው ያን ጊዜውኑ አይበጠስም፤ ግን ቶሎ ያልቃል። መፍትሔው አንድ ማርሽ መቀየር ነው።

«ባለ 21 ማርሽ 21 ፍጥነት አለው» የሚለውም ቢሰላ አያስኬድም። ፊት 42፣ 34 እና 24፣ ኋላ ከ14 እስከ 28 ጥርስ ያለውን የተለመደ ብስክሌት ብንወስድ፣ 42 በ28 እና 24 በ16 ሁለቱም 1.5 ይሰጣሉ። እንዲህ የሚደጋገሙትንና የሚቀራረቡትን አንድ አድርጎ ለቆጠረ፣ በእርግጥ የሚለያዩት ወደ 14 ገደማ ናቸው። ትልቁ ማርሽ ጉልበት ስላለው ለዳገት ነው የሚሉም አሉ፤ ነገሩ ግልብጥ ነው። ባለ 26 ኢንች ጎማ ብስክሌት ላይ 24 በ28 በአንድ ሙሉ የፔዳል ዙር 1.8 ሜትር ገደማ ያስኬዳል፤ 42 በ14 ግን ከ6 ሜትር በላይ። ዳገት ላይ ጉልበት የሚያድነው አጭሩ ነው።

በቅርቡ የመጣው ደግሞ የፊት ማርሽ ጊዜው አልፎበታልና ዴራለሩን አውልቆ መጣል ነው የሚለው ምክር ነው። ስራም የተባለው ኩባንያ በ2012 እ.ኤ.አ. ፊት አንድ፣ ኋላ ከ10 እስከ 42 ጥርስ ያላቸው 11 ማርሾች ይዞ ከወጣ ወዲህ ውድ የሆኑት የተራራ ብስክሌቶች በእርግጥም የፊት ዴራለር እየተዉ መጥተዋል። ነገር ግን ያ አንድ ማርሽ ካቴናውን አጥብቆ እንዲይዝ ጥርሶቹ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ቀጭን ሆነው የተሠሩ ናቸው። የባለ ሦስቱ ብስክሌት ማርሾች ግን ካቴናውን በቀላሉ እንዲለቁ ታስበው የተቆረጡ ናቸው፤ አለዚያ መቀያየር ባልተቻለ ነበር። ዴራለሩን ከላያቸው ያነሣ ሰው ኮረኮንች ላይ ሲደርስ ካቴናውን ባለበት የሚያቆይለት ምንም ነገር አይኖረውም።