ከኪስ የማይለይ ሰንጢ

ሰው ከቤቱ ሲወጣ ኪሱን ዳሰስ አድርጎ የሚፈትሻቸው ነገሮች አሉ። ቁልፉን ይፈትሻል፤ ገንዘቡን ይፈትሻል፤ በዘመናችን ደግሞ ስልኩን ሳይዝ የሚወጣ የለም ማለት ይቻላል። በእንግሊዝ፥ በፈረንሳይና በአሜሪካ ግን ከነዚህ ሁሉ ጋር አንዲት ታጣፊ ሰንጢ ካልያዙ የዕለት ልብሳቸው የጎደለ የሚመስላቸው ሰዎች ይገኛሉ። እነዚህ ሰዎች ወንበዴዎች ወይም ጠብ ፈላጊዎች አይደሉም። ከነርሱ መካከል መምህራን አሉ፤ አናጢዎችና አትክልተኞች አሉ፤ ጡረታ የወጡ አያቶችም አሉ። ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠያየቁት፥ «ዛሬ የትኛዋን ይዘሃል?» እየተባባሉ ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ሰንጢውን ከኪሱ አውጥቶ እንደ ተዘጋች ለባልንጀራው ያቀብላል፤ ተቀባዩም ከፍቶ፥ የሞላዋን ድምፅ አዳምጦ፥ እጀታዋን ዳስሶ፥ መልሶ ዘግቶ ይመልስለታል።

ስለዚህ ልማድ ለመጻፍ ያነሣሣን ዘመኑ ስለ ስለት ክፉ ወሬ የበዛበት መሆኑ ነው። በተለይ በለንደንና በሌሎች የእንግሊዝ ከተሞች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወገኖቻችን «ቢላዋ» የሚለውን ቃል ከወጣቶች ሞትና ከፖሊስ ፍተሻ ጋር ተያይዞ መስማት ከጀመሩ ቆይተዋል። የእናቶች ፍርሃት ከንቱ ነው የሚል የለም። ነገር ግን ስለት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ እነዚህ ሰዎች የሚወድዷት የጥንት ሰንጢ ለምን ሥራ እንደ ተበጀች በአሠራሯ ራሱ ትናገራለች። ይህን ለይቶ ማወቅ ለቤተ ሰብ የሚጠቅም ስለ ሆነ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

የጥንቷ ሰንጢ ስለቱ በእጀታዋ ጫፍ በአንድ ሚስማር ይያዛል። በእጀታዋ ጀርባ ጠንካራ የብረት ሞላ ተዘርግቷል። ስለቱ ሲከፈት ሞላው ተረከዙን ተጭኖ ክፍት እንደ ሆነ ያቆየዋል፤ ሲዘጋም ያው ሞላ እንደ ተዘጋ ይይዘዋል። መቈለፊያ የላትም። ለመክፈት የአውራ ጣት ጥፍር በስለቱ ጎን ወዳለው ትንሽ ፍልፍል ገብቶ መሳብ አለበት፤ ስለዚህ ሁለት እጅ ያስፈልጋል፤ ችኰላም አይሆንላትም። ፍሬ ለመላጥ፥ ገመድ ለመቍረጥ ወይም እርሳስ ለመቅረጽ የሞላው ኃይል ይበቃል። በእርስዋ ሊወጋ የሚቃጣ ሰው ግን ስለቱ ወደ ኋላ ተመልሶ በገዛ ጣቶቹ ላይ ሊታጠፍበት ይችላል። እንግዲህ ሠሪው ሳይናገር የተናገረው ይህ ነው።

የእንግሊዝ ሕግም ይህንኑ ልዩነት ተከትሎ ሄዷል። በ1988 የወጣው ሕግ ማንም ሰው በቂ ምክንያት ሳይኖረው ስለት ያለው ዕቃ ይዞ በአደባባይ እንዳይገኝ ይከለክላል፤ ሆኖም የስለቷ ርዝመት ከ3 ኢንች ማለትም ከ7.62 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ታጣፊ የኪስ ሰንጢን ከክልከላው ያወጣታል። ዳኞችም ሕጉን ሲተረጕሙ ስለቷ በመቈለፊያ የሚያዝ ሰንጢ ከዚህ ፈቃድ ውጭ እንደ ሆነች ወስነዋል። ታጣፊና አጭር መሆኗ ብቻ አይበቃም፤ በፈለጉ ጊዜ የምትታጠፍ መሆን አለባት። ደግሞም በሕግ የተፈቀደችውን ትንሽ ሰንጢ እንኳ ሰውን ለመጕዳት አስቦ የያዘ ሰው ወንጀለኛ ይሆናል። ትምህርት ቤቶች የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው ልጅ ይህችን ዕቃ በቦርሳው ይዞ እንዳይሄድ ወላጅ መጠንቀቅ አለበት።

ለመሆኑ ይህች መሣሪያ ስሟን ያገኘችው ከወዴት ነው? እንግሊዞች ትንሿን ሰንጢ እስከ ዛሬ የሚጠሯት «የብርዕ ቢላዋ» ብለው ነው። በዚያ አገር ጸሐፊዎች በወፍ ላባ ይጽፉ በነበረ ጊዜ የላባው ጫፍ እየደነዘ ስለሚያስቸግር፥ ማንም ጸሐፊ ብርዑን የሚቀርጽበት ትንሽ ስለት ከቀለሙ ጋር አብሮ ይይዝ ነበር። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የብራና ጸሐፊዎቻችን መቃውን ቈርጠው፥ ጫፉን አሹለው፥ መካከሉን ሰንጥቀው ብርዕ የሚያደርጉት በስለት ነው፤ በስሕተት የተጻፈውን ፊደል ከብራናው ላይ ፍቀው የሚያነሡትም በስለት ነው። መጽሐፍ በተጻፈበት ስፍራ ሁሉ ትንሽ ቢላዋ ከብርዕ አጠገብ ተቀምጣለች።

ከእንግሊዝ ከተሞች በሰንጢ ሥራ ስሟ የገነነው ሼፊልድ ናት። ባለቅኔው ቾሰር በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በጻፈው መጽሐፍ የሼፊልድን ቢላዋ የያዘ ወፍጮ ፈጪ አስገብቷል፤ በ1624 የከተማይቱ ቢላዋ ሠሪዎች ማኅበር በሕግ ተቋቋመ። በዚያች ከተማ ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች ሌላ፥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ለብቻቸው የሚሠሩ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ሕዝቡም «ትንንሾቹ ጌቶች» እያለ ይጠራቸው ነበር። አንዱ ስለቱን ይቀጠቅጣል፤ ሌላው በድንጋይ ይስላል፤ ሌላው ሞላውን፥ ስለቱንና የቀንዱን እጀታ አጋጥሞ ሰንጢ ያደርገዋል። በ1851 በለንደን በተደረገው ታላቅ ትርኢት ላይ ጆሴፍ ሮጀርስ የተባለው የሼፊልድ ፋብሪካ 75 ስለት ያላት አንዲት ግዙፍ ሰንጢ አቅርቦ ሕዝቡን አስደንቋል፤ በየትኛው ኪስ እንደምትገባ ግን አልተጠየቀም።

ይህ ክብር ያለ ዋጋ የተገኘ አልነበረም። ሳዮቹ ቀኑን ሙሉ በሚሽከረከር የአሸዋ ድንጋይ ላይ አጐንብሰው ሲሠሩ የድንጋዩና የብረቱ ብናኝ ሳንባቸውን ይሞላው ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት የነበሩ የሼፊልድ ሐኪሞች «የሳዮች አስም» ብለው የጻፉለት ይህ ሕመም ብዙዎቹን በጐልማሳነታቸው ገድሏል። ዛሬ የዚያን ዘመን ሰንጢ በመዳፉ ይዞ የሚያደንቅ ሰው ይህን ቢያስብ መልካም ነው። በእኛ አገር ብረት ሠሪው በብናኙ ላይ ስድብ ተጨምሮበት ኖሯል፤ ዐፄ ምኒልክ በ1908 የእጅ ሥራ ሠራተኛን መሳደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ያለ ምክንያት አልነበረም። በቢላዋው ሥጋ እየቈረጡ ሠሪውን መናቅ እንዴት ያለ ፍርድ እንደ ሆነ አይገባንም።

ከሼፊልድ «ትንንሽ ጌቶች» መጨረሻ ከሚባሉት አንዱ ስታን ሾው ነበሩ። በ1926 ተወልደው፥ ገና በልጅነታቸው ወደ ሙያው ገብተው፥ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሰንጢ ሲሠሩ ኖረው በ2021 ዐረፉ። ሥራቸውን ለማግኘት ሰዎች ዓመታት ይጠብቁ ነበር።

በፈረንሳይ ደግሞ ነገሩ የገበሬና የእረኛ ነው። በሳቮዋ ተራሮች የሚኖር ዦዜፍ ኦፒኔል የተባለ የብረት ሠሪ ልጅ በ1890፥ ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ፥ ለአገሩ ገበሬዎች የምትሆን ቀላል ሰንጢ አበጀ። እጀታዋ አንድ ክብ እንጨት ነው፤ በመካከሉ ተሰንጥቆ ስለቱ ይገባበታል፤ ሌላ ጌጥ የላትም። በ1897 ከቍጥር 1 እስከ ቍጥር 12 በየመጠኑ ተዘጋጀች። በኋላ ቍጥር 1 እጅግ ስላነሰች፥ ቍጥር 11 ደግሞ ከጎረቤቶቿ ስላልተለየች ቀሩ። በስለቷ ላይ የተቀረጸው ምልክት ለአንባብያን የሚደንቅ ነው፤ ዘውድ የተደፋለት የሚባርክ እጅ ነው። በአጠገቡ ያለችው ከተማ ስሟ ሳን ዣን ደ ሞሪየን፥ ማለት «የሞሪየን ቅዱስ ዮሐንስ» ሲሆን፥ በዚያ አገር ትውፊት ቅድስት ቴክላ የተባለች ሴት የመጥምቁ ዮሐንስን ጣቶች ከሩቅ አገር አምጥታ በከተማይቱ አኑራለች። እጁ ከከተማይቱ ዓርማ የተወሰደ ነው፤ ዘውዱም ሳቮዋ የመሳፍንት አገር መሆንዋን ያመለክታል። ኦፒኔል በ1909 ይህን ምልክት የንግድ ምልክቱ አድርጎ አስመዘገበ፤ ስንት ገበሬ ይህን እጅ በኪሱ ይዞ ወይኑን ሲገርዝ እንደ ኖረ ማን ይቈጥረዋል! በ1955 በአንገቷ ላይ የምትዞር የብረት ቀለበት ተጨመረች፤ ቀለበቷ ስትዞር ስለቱ ይቈለፋል። ለሠራተኛው ጣት ይህ ደኅንነት ነው፤ በእንግሊዝ ሕግ ፊት ግን ይህቺው ቀለበት ሰንጢዋን በቂ ምክንያት ሳይኖር ወደማትያዝበት ወገን አሻገረቻት። ከፈረንሳይ ስጦታ ይዘው ወደ ለንደን የሚሻገሩ ዘመዶች ይህን አይዘንጉ።

በዚያው በፈረንሳይ ከላዮል መንደር የምትወጣው ሰንጢ በ19ኛው መቶ ዓመት የተጀመረች ስትሆን፥ በእጀታዋ ላይ ትንንሽ ሚስማሮች በመስቀል ቅርጽ ተመትተውባታል። እረኞች ከቤተ ክርስቲያን ርቀው በተራራ ሲውሉ ሰንጢዋን በእንጀራቸው ላይ ተክለው በመስቀሉ ፊት ይጸልዩ እንደ ነበር ይነገራል። የስዊሶቹ ቀይ ሰንጢ ስለ ታወቀች ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ካርል ኤልዝነር በ1891 ለስዊስ ወታደሮች ማቅረብ የጀመረው ሰንጢ ከምግቡ ቆርቆሮ መክፈቻ ጋር ጠመንጃ የሚፈታበትም መሣሪያ ነበረው።

የጃፓኖቹ ነገር ግን ያሳዝናል። ሂጎኖካሚ የምትባለው ሰንጢያቸው አንድ ስለትና አንድ የታጠፈ ቆርቆሮ እጀታ ብቻ ናት፤ የተማሪው ሁሉ እርሳስ መቅረጫ ነበረች። በጥቅምት 1960 አንድ የ17 ዓመት ወጣት አሳኑማ የተባሉትን የሶሻሊስት ፓርቲ መሪ በመድረክ ላይ ሳሉ በአጭር ሰይፍ ገደላቸው። ከዚያ በኋላ ልጆች ስለት እንዳይዙ የሚል እንቅስቃሴ በአገሩ ተስፋፋ። የገደለው ሰይፍ ነበር፤ ከልጆች እጅ የወጣችው ግን የእርሳሷ ሰንጢ ሆነች። ሚኪ በተባለችው ከተማ ብዙ የነበሩት ሠሪዎች እየተዘጉ ሄደው ስሙን የያዘ አንድ ቤት ብቻ ቀረ።

የሰንጢ ወዳጆች እርስ በርሳቸው ከሚያሳዩአቸው ነገሮች ሁሉ ይልቅ የሚኰሩበት አዲስነትን አይደለም። ሃሪ ብሪርሊ በ1913 በሼፊልድ የማይዝገውን ብረት ካገኘ ወዲህ አብዛኛው ቢላዋ ከዚያ ይሠራል፤ እነርሱ ግን ብዙ ጊዜ የሚመርጡት የሚዝገውን የጥንቱን ብረት ነው። ቶሎ ይሳላል፤ ነገር ግን ሽንኵርትና ሎሚ ሲቈርጡበት ገጹ ይጠቍራል፤ እየቈየ ሰማያዊ መሰል ግራጫ ይለብሳል፤ ያም ልብስ ከቀዩ ዝገት ይጠብቀዋል። በየቀኑ ጠርጎ ዘይት የሚያስነካው ባለቤት ካላገኘ ግን ይበላሻል። ስለዚህ አንዱ የሌላውን ሰንጢ ሲያይ ምን ሲቈርጥባት እንደ ኖረ ከገጿ ያነብባል። በውድ ዋጋ ገዝተው፥ አንድ ገመድ እንኳ ሳይቈርጡባት በሣጥን የሚቈልፉ ሰብሳቢዎችም አሉ፤ ገንዘባቸው ነው፤ የነርሱ ሰንጢ ግን የጋን ውስጥ መብራት ናት።

ለልጅ መቼ ትሰጥ? በአሜሪካ የስካውት ልጆች ስለትን ስለ መያዝ፥ ስለ መሳልና ስለ ማቀበል ተምረው ካሳዩ በኋላ የፈቃድ ካርድ ይሰጣቸዋል፤ ደንቡን የጣሰ ልጅ ካርዱን ሊነጠቅ ይችላል። ኦፒኔልም ለሕፃናት ጫፉ የተጠጋጋ ስለት ያላት ሰንጢ ይሠራል። በእኛ አስተያየት ዕድሜው በቍጥር የሚወሰን አይደለም፤ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያስተምር አባት ወይም አያት መኖሩ ነው ዋናው። ልጁ ተቀምጦ ይቍረጥ፤ ስለቱን ከአካሉ ወደ ውጭ ይግፋ፤ ሲያቀብል ዘግቶ ያቀብል። የደነዘ ስለት ከተሳለው ይልቅ እንደሚያቈስልም ይነገረው፤ የደነዘው ጕልበት ስለሚፈልግ ድንገት ሲያመልጥ እጅ ላይ ያርፋልና። የመጀመሪያው ትምህርት መቍረጥ ሳይሆን በመሳያ ድንጋይ ላይ መሳል ቢሆን ይመረጣል፤ አሰልቺ ሥራ ስለ ሆነ ትዕግሥት የሌለው ልጅ ራሱን ወዲያው ይገልጣል።

በእንግሊዝና በፈረንሳይ ሰንጢ በስጦታ ስትሰጥ ተቀባዩ ለሰጪው አንዲት ሳንቲም የሚመልስበት ልማድ አለ። ስለት በነጻ ከተሰጠ ፍቅርን ይቈርጣል ስለሚሉ፥ እንደ ተገዛች እንድትቈጠር ነው። አጉል እምነት መሆኑ አያጠራጥርም፤ ቢሆንም የሚጐዳው የለም። ልጁ ሳንቲም እንደሌለው የሚያውቅ አያት ደግሞ አንዲት ሳንቲም ከሰንጢዋ ጋር ጠቅልሎ ይሰጠዋል፤ ልጁም ጥቅሉን ፈትቶ ሳንቲሟን መልሶ ለአያቱ ይከፍላል።