አንድም አጥንት አልተደገመም

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ምድር ቤት ወርዶ ድንቅነሽን ያየ ጎብኚ መጀመሪያ የሚገርመው ማነሷ ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ገደማ ነው፤ ዛሬ ብትኖር ከትንሽ የትምህርት ቤት ልጅ አትበልጥም ነበር። መስታወቱ ውስጥ ያለው ቅጂ ሲሆን ዋናው አጽም በካዝና ተቆልፎበት ይኖራል። የዝናዋ ምክንያት ግን ከቁመቷ ይልቅ የአጽሟ ስብርባሪዎች የአንዲት ፍጡር መሆናቸው ይመስለኛል።

ቀኑ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም ነበር። አዲስ አበባ በዋዜማው በተረሸኑት ባለሥልጣናት ወሬ ደንግጣ ሳለ፣ አፋር ሐዳር ላይ ተመራማሪዎቹ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ወደ መኪናቸው ሲመለሱ ተዳፋቱ ላይ አንድ የክርን አጥንት ስባሪ አዩ። አጠገቡ የራስ ቅል ቁራጭ፣ ከዚያ የጭን አጥንት። በቀጣዮቹ ሳምንታት አፈሩ እየተነፋ በመቶዎች የሚቆጠሩ ስብርባሪዎች ተለቀሙ። በተገኘችበት ዕለት ምሽት ካምፑ ውስጥ ከተሰማው የቢትልስ ዘፈን ደግሞ «ሉሲ» የሚለው ስም ወጣላት።

ሁሉም የአንድ አካል መሆኑ በምን ታወቀ? ሁለት የግራ ጭን ቢገኝ ኖሮ ሁለት ሟች አሉ ማለት ነበር፤ ነገር ግን አንድም አጥንት አልተደገመም። መጠናቸውና መልካቸው ይስማማል፣ የተገኙትም እዚያው አንድ ቦታ ላይ ነው። የእጅና የእግር ትናንሽ አጥንቶች ከሂሳቡ ወጥተው፣ የአጽሟ 40 በመቶ ገደማ ተሰብስቧል ይባላል።

የአንድ አካል መሆኑ ለምን ዋጋ አለው? ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እዚያው ሐዳር አንድ ጉልበት ተገኝቶ ነበር። ባለቤቱ ቀጥ ብሎ ይሄድ እንደነበር ጉልበቱ ቢመሰክርም፣ ክንዱ ረጅም ይሁን አጭር ማንም ሊናገር አይችልም። የድንቅነሽ የላይኛው ክንድ አጥንት 24 ሴንቲ ሜትር፣ የጭኗ 28 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ክንዷ የጭኗን 85 በመቶ ያህል ይሆናል ማለት ነው። የእኛ ወደ 72 ይጠጋል፤ በቺምፓንዚ ሁለቱ እኩል ለመሆን ጥቂት ይቀራቸዋል። የአንዱን ክንድ ከሌላው ጭን ጋር አስተያይቶ ይህን ሂሳብ መሥራት አይቻልም።

አካሄዷን ዳሌዋና ጭኗ ይናገራሉ። ዳሌዋ እንደ እኛው አጭርና ሰፊ ነው፤ የጭኗ አጥንት ደግሞ ወደ ጉልበቷ ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። እግሯ ከሰውነቷ መሐል ሥር ስለሚያርፍ፣ አንዱን ስታነሳ በሌላው ላይ ሚዛኗን ትጠብቃለች። ቺምፓንዚ ይህ ዝንባሌ ስለሌለው በሁለት እግሩ ሲሄድ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። የበቀለው የጥበብ ጥርሷ ሙሉ ሴት ሆና መሞቷን ያሳያል፤ የአጽሟ ዕድሜ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ የተሰላው በአካባቢው ከተነባበረው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው።

ያ የአለመደጋገም ፈተና ግን አንድ ነገር አምልጦታል። በ2007 ዓ.ም ተመራማሪዎች አከርካሪዋን አጥንት በአጥንት ሲመረምሩ፣ አንዷ ቁራጭ የጭላዳ ዘመድ የሆነ የጥንት ዝንጀሮ ሆና ተገኘች። አርባ ዓመት ሙሉ ከድንቅነሽ ጋር ስትቆጠር ኖራለች!

ዛፍ ትወጣ ነበር ወይ የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም። ተመራማሪው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ እዚያው አፋር ዲኪካ ላይ ያገኛት የድንቅነሽ ዝርያ የሆነች ሕፃን፣ ሰላም፣ ትከሻዋ የጎሪላን መምሰሉ ትወጣለች ለሚሉት ድጋፍ ሆኗል። በ2008 ዓ.ም ተመራማሪው ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ አንድ እርምጃ ጨምረው፣ በቴክሳስ የተነሳውን የሲቲ ስካን ምስሏን መርምረው የሞተችው ከረጅም ዛፍ ወድቃ ነው አሉ። ማስረጃቸው በትከሻዋና በሌሎች አጥንቶቿ ላይ ያዩት ስንጥቅ ነው። ጆሃንሰን ራሱ አልተቀበለውም፤ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። እንዲህ ያለው ስንጥቅ አፈር ተጭኗቸው በኖሩ በጉማሬና በዝሆን ቅሪቶች ላይም ይታያል፤ ዝሆን ደግሞ ዛፍ አይወጣም።