በካሴት ክር ላይ የጎረቤት መስመር ድምፅ ስለ መሻገሩ

አንባቢ ሆይ፤ ከመካነ ሰላም ወይም ከሳይንት ወደ አዲስ አበባ የመጣ፣ የወላጅ ድምፅ ወይም የሠርግ ዘፈን የተቀረጸበት አሮጌ ካሴት በሣጥንዎ ቢገኝ፣ ወደ ኮምፒዩተር ሊያስገለብጡት ያስቡ ይሆናል። ከንግግሩ ሥር ትርጉም የሌለው ጉርምርምታ ቢሰማ ግን ክሩ ተበላሽቷል ተብሎ እንዳይጣል፣ ምክንያቱን አስቀድሞ ማወቅ ያሻል።

ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1963 ያወጣው ካሴት፣ የክሩ ስፋት 3.81 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የካሴቱ አንደኛ ገጽ በክሩ አንድ ወገን፣ ሁለተኛው ገጽ በሌላው ወገን እያንዳንዱ 1.5 ሚሊሜትር ያህል ይዞ ይቀረጻል። በመካከላቸው፣ በቦረና ደጋ ገበሬዎች በማሳቸው መካከል እንደሚተዉት ወሰን፣ ወደ 0.8 ሚሊሜትር የሚሆን ባዶ ስፍራ ይቀራል። ወሰን ሲገፋ ነገር እንደሚመጣ አገር ያወቀው ነው!

ይሁን እንጂ ድምፅ ሁሉ እኩል ወሰን አይገፋም። ክሩ በሴኮንድ 4.76 ሴንቲሜትር ይጓዛል። በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ በክሩ ላይ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 1 ሚሊሜትር ለመሙላት ጥቂት ይቀረዋል፤ 5,000 ጊዜ የሚርገበገበው ቀጭን ድምፅ ግን ከሚሊሜትር መቶኛ እጅ አያልፍም። መግነጢሱ ወደ ጎን የሚዘልቀው በሞገዱ ርዝመት መጠን ስለ ሆነ፣ ከዋሽንት ይልቅ ከበሮ ይሻገራል።

በሄዱ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ጥቅል ሽቦዎች አንዱ የሌላውን ድምፅ እንዳይወስድ፣ መሐንዲሶች ከኒኬልና ከብረት የተቀላቀለ ስስ መጋረጃ በመካከላቸው ያቆማሉ። መጋረጃው ግን ሄዱ ከክሩ ላይ አስቀድሞ ያነሣውን የጎረቤት ድምፅ አይመልስም። ለዚያ መድኃኒቱ የሄዱን ከፍታ ማስተካከል ነው።

ሁለተኛው ገጽ የሚቀረጸው ካሴቱ ተገልብጦ ስለ ሆነ፣ ከዚያ የተሻገረው ንግግር ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየተነበበ ይሰማል። እንዲህ ያለውን ቢሰሙ ካሴቱን በሌላ ቴፕ ይሞክሩት፤ ቢጠራ ጥፋቱ የፊተኛው መሣሪያ ነው። ካልጠራ ቀድሞ የቀረጸው መሣሪያ ሄዱ ተዛብቶ ሊሆን ይችላልና፣ ባለሙያው ለዚያ ካሴት ብቻ የሄዱን ከፍታ ለውጦ ይገልብጠው። ያው ቃል ራሱ በቀጭኑ ከተራው ቀድሞ የሚሰማ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በተጠቀለለው ክር ላይ አንዱ ድርብ በሌላው ላይ ታትሟልና የሄዱን ብሎን መነካካት አይረዳም።