ፋ የሌለበት ትዝታ

ቅዳሜ ቅዳሜ ክራርና ጊታር ይዘው የሚሰባሰቡ ጎረቤቶች አሉኝ። አንዳቸውም በሙዚቃ እንጀራ አይበሉም። አንዱ ካሳ ተሰማን፣ ሌላው አስናቀች ወርቁን ያስቀድማል፤ ወጣቶቹ ደግሞ ከማህሙድ አህመድ ንቅንቅ አይሉም። ክርክሩ የሚጦፈው ግን በኮርድ ነው።

የትዝታ ሜጀር ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ አምስት ብቻ። ጊታር የሚመታው ልጅ ዶ ሜጀርና ላ ማይነር ሲይዝ ከክራሩ ጋር ይገጥማል። በውጭ ዘፈን ልማዱ ፋ ሜጀር ጣል ሲያደርግበት አዛውንቶቹ ፊታቸውን ያጨፈግጋሉ። ፋ ከቅኝቱ ውጭ ነዋ! በትዝታ ማይነር ሚና ላ በግማሽ ድምፅ ስለሚወርዱ ዶ ማይነር ይሻላል።

ከመካከላቸው ስትሮክ የመታቸው አንድ ጋሼ አሉ። ቀኝ እጃቸው ስለዛለ የክራሩን መምቻ መያዝ አይችሉም፤ በግራ ጣቶቻቸው ግን ክሩን ከኋላ ይነካካሉ። የልጃቸውን ስም ለመጥራት እየተቸገሩ፣ የሚያውቁት ዘፈን ሲጀመር ግጥሙን እስከ መጨረሻው ይዘልቁታል። ተአምር አይደለም። የአብዛኛው ሰው ንግግር በግራው የአንጎል ክፍል ላይ ያመዝናል፤ ዜማ የቀኙንም ይጠቀማል። በነርስነት ዘመኔም እንዲህ ያሉ ሕሙማን አይቻለሁ።

ልጃቸው “ይደክማቸዋል” ብላ ልታስቀራቸው አስባ ነበር። አልተስማማሁም። ፊዚዮቴራፒው ሳይቋረጥ፣ ሲደክማቸውም እያረፉ ይምጡ አልኳት።

ባለፈው ቅዳሜ ስሙን መጥራት ቢያቅታቸው መነሻውን አዜሙት፤ አምባሰል ነበር። ልጁ እስካሁን ኮርዱን እየፈለገ ነው።