«ጎልዳ» የተሰኘው ፊልም፦ የትኛው እውነት ነው? ያልተነገረውስ?



እንደሚታወቀው በየዓመቱ የዮም ኪፑር ጾም ሲቃረብ በእስራኤል ቴሌቪዥንና ጋዜጦች የ1973ቱ ጦርነት ይወሳል። ልጆቻችን በትምህርት ቤት ይማሩታል፣ በጻሃል ሲያገለግሉም ይሰሙታል። ከወላጆች መካከል ግን አብዛኞቻችን በዚያን ጊዜ እዚህ አገር ስላልነበርን፣ ልጆች ሲጠይቁን መልስ ያጥረናል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ጦርነት የተሠራውን «ጎልዳ» የተሰኘ ፊልም እናስረዳለን። ከልጆቻችሁ ጋር ስታዩት የትኛው በእርግጥ የሆነ፣ የትኛው የሚያከራክር፣ የትኛውስ የተተወ እንደሆነ እንድትለዩ ይረዳችኋል ብለን እናምናለን።

ፊልሙ ስለ ምን ይናገራል?

ፊልሙ በ2023 የወጣ ሲሆን፣ ዳይሬክተሩ እስራኤላዊው ጋይ ናቲቭ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ጎልዳ ሜየርን ሆና የተጫወተችው እንግሊዛዊቷ ተዋናይት ሄለን ሚረን ናት። ፊቷንና ፀጉሯን ለመለወጥ የተሠራው ሥራ እጅግ የተዋጣለት በመሆኑ ፊልሙ በዚህ ዘርፍ ለኦስካር ሽልማት ታጭቶ ነበር። አይሁዳዊት ያልሆነች ተዋናይት ጎልዳን መጫወቷ ግን ብዙ አነጋግሯል። ፊልሙ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል የሚወስድ ሲሆን፣ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የሚነገር ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ጎልዳ በ1974 በአግራናት አጣሪ ኮሚሽን ፊት ቀርበው ሲመሰክሩ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ የጦርነቱን ቀናት ያሳያል። የጦር ሜዳውን እምብዛም አናይም። ሚኒስትሮችና ጄኔራሎች በተዘጋ ክፍል ተቀምጠው የወታደሮችን ጩኸት በሬዲዮ ሲሰሙ ነው የምናየው። ጎልዳ የሟቾችን ቁጥር በትንሽ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ልጅ ወደ ጦርነት ልኮ የስልክ ጥሪ የጠበቀ ወላጅ ሁሉ ይህን ክፍል ሲያይ ልቡ መነካቱ አይቀርም።

በዚያ ጠዋት ምን ሆነ?

ጥቅምት 6 ቀን 1973 ሊነጋ ሲል፣ የሞሳድ ኃላፊ ዝቪ ዛሚር ጦርነቱ በዚያው ቀን እንደሚጀመር ከለንደን መልእክት ላኩ። ወሬውን የሰጣቸው የቀድሞው የግብፅ ፕሬዚዳንት የናስር አማች አሽራፍ ማርዋን ነበር። ከዚያ በፊት ግን የወታደራዊ መረጃ ክፍል ኃላፊው ኤሊ ዘኢራ ጦርነት የመነሳቱ ዕድል በጣም ትንሽ ነው ሲሉ ቆይተዋል።

ኤታማዦር ሹሙ ዴቪድ (ዳዶ) ኤልአዛር የአየር ኃይሉ ቀድሞ እንዲመታና የሚሉኢም ወታደሮች በብዛት እንዲጠሩ ጠየቁ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ሞሼ ዳያን ጥሪው አነስ እንዲል ፈለጉ። ጎልዳ ቀድሞ መምታቱን ከለከሉ። ምክንያታቸውም፣ ጦርነቱን እኛ ከጀመርን አሜሪካ አትረዳንም የሚል ነበር። በጥሪው ጉዳይ ግን ወደ ዳዶ ሐሳብ አዘነበሉ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ግብፅ ከደቡብ፣ ሶርያ ከሰሜን ጥቃት ከፈቱ። የአሜሪካ የጦር መሣሪያ በአውሮፕላን በብዛት መግባት የጀመረው ጥቅምት 14 ቀን ነው። ከ2,600 በላይ የእስራኤል ወታደሮች በዚህ ጦርነት ሞተዋል።

ጎልዳ ሊምፎማ የተባለ የካንሰር በሽታ ይዟቸው በምስጢር ይታከሙ እንደነበርም እውነት ነው። ሕዝቡ ይህን ያወቀው በታኅሣሥ 1978 ካረፉ በኋላ ነው።

በጥንቃቄ የሚታይ ነገር

በፊልሙ ውስጥ ዘኢራ በግብፅ ምድር የተቀበሩት የምስጢር ማዳመጫ መሣሪያዎች በጊዜው እንዳልተከፈቱ ያምናሉ፣ ጎልዳም የአገር ምስጢር ለመጠበቅ ሲሉ በኮሚሽኑ ፊት ዝም ይላሉ። ይህ ጉዳይ በታሪክ ሰዎች ዘንድ ያከራክራል። እንዲሁም ፊልሙ ከጦርነቱ በፊት የነበሩትን ዓመታት አያሳይም። ሳዳት ከ1971 ጀምሮ የስምምነት ሐሳብ አቅርበው እንደነበርና የጎልዳ መንግሥት በቂ ትኩረት አልሰጠውም የሚሉ ተቺዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ፊልሙ ለጎልዳ ያዘነ ፊልም ነው ማለት ይቻላል።

ተጠያቂው ማን ነው?

በእኛ አስተያየት የፊልሙ ዋና ጥያቄ ይህ ነው። የአግራናት ኮሚሽን በሚያዝያ 1974 መጀመሪያ ባወጣው ሪፖርት ጥፋቱን በዳዶ፣ በዘኢራና በሌሎች የጦር መኮንኖች ላይ ጣለ። ጎልዳን ግን ነፃ አደረጋቸው። ፓርቲያቸውም በታኅሣሥ 1973 መጨረሻ የተደረገውን ምርጫ አሸንፎ ነበር። እንግዲህ በሕግም በድምፅም ከሥልጣን እንዲወርዱ የሚያስገድዳቸው አልነበረም።

ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም። በሱዌዝ ቦይ ዳር «ቡዳፔስት» የተባለውን ምሽግ ያዘዘው የሚሉኢም መኮንን ሞቲ አሽከናዚ፣ በየካቲት 1974 ብቻውን በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ደጃፍ ተቀመጠ። ቀስ በቀስ ሺዎች ተከተሉት። ጎልዳ ሚያዝያ 11 ቀን 1974 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸውም፣ ከጦርነቱ በፊት በነበረው ዓርብ የልባቸውን ስጋት ሰምተው ጦሩን ባለመጥራታቸው እንደሚጸጸቱ ገልጸዋል። ዳዶ በበኩላቸው በ1976 በ50 ዓመታቸው ገደማ ሞቱ።

ከጦርነቱ ከ50 ዓመት ከአንድ ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2023፣ ይኸው ጥያቄ እንደገና ተነሣ። ከማኅበረሰባችንም ልጆቻቸውን የቀበሩ ቤተሰቦች አሉ። የ1973 ታሪክ የሚያስተምረን፣ የሞተ ልጅ ወላጅ «ማን ያውቅ ነበር? ማንስ ዝም አለ?» ብሎ መጠየቁ መብቱ እንደሆነ ነው። ይህን መጠየቅ አገርን መጥላት አይደለም።

እኛስ ያን ጊዜ የት ነበርን?

ልጆቻችሁ ይህን ቢጠይቋችሁ የምትነግሩት አላችሁ። ወላጆቻችን በጎንደርና በትግራይ መንደሮች አስተሰርዮን እየጾሙ፣ ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረው ይጸልዩ ነበር። በዚያው ዓመት ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁዳውያን ናቸው ብለው ወሰኑ። ጥቅምት 23 ቀን ደግሞ፣ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ከእስራኤል ጋር የነበረውን ግንኙነት አቋረጠ። ግንኙነቱ የተመለሰው በ1989 ነው። የዚያ ጦርነት ጥላ እስከ እኛ መንደር ደርሶ ነበር ማለት ነው።

ፊልሙ ለትናንሽ ልጆች አይሆንም፤ በቅርቡ ሐዘን ለደረሰበት ቤተሰብም ይከብዳል። ሌሎቻችሁ ግን ከጎልማሳ ልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እዩት። እነሱ እንግሊዝኛውን ይተርጉሙላችሁ፤ እናንተ ደግሞ የዚያን ዘመን አስተሰርዮ ንገሯቸው።