«ቼሳፒኬን ልሽጠው ወይ?»

ዛሬ የምናወጋው ስለ ቅናት ነው፤ ቅናቱ የመጣው ግን በሴት ወይም በገንዘብ ሳይሆን በውሻ ነው። «አይ የፈረንጅ አገር ጣጣ!» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት አደራ።

ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ፣ አንድ የ26 ዓመት ወጣት ጽፎልኛል። የሥራ ባልደረቦቹ ዳክዬ አዳኞች ናቸው። ከእነሱ ጋር ገጠመና ደህና ገንዘብ ከፍሎ የቼሳፒክ ቤይ ሪትሪቨር ቡችላ ገዛ። አሁን ውሻው 11 ወሩ ነው። በዚያው ሰሞን ላብራዶር የገዛ ባልደረባው፣ ውሻውን በፊሽካና በእጅ ምልክት ብቻ ሜዳ ለሜዳ ይነዳዋል። የእሱ ቼሳፒክ ግን የወረወሩለትን ሁለት ጊዜ ያመጣና በሦስተኛው ቁጭ ብሎ ያየዋል። «ወይ የኤሌክትሪክ ማሰሪያ አንገቱ ላይ አድርግና ንዘረው፣ ወይ ሽጠውና እንደ ሰው ላብራዶር ግዛ» ብለውታል። እጮኛው ደግሞ «ውሻው ከወጣ እኔም ወጣሁ» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። (እሷን ወደድኳት!)

እኔም ይህን የምጽፈው ከሰማይ አውርጄ አይደለም። እዚያው ሜሪላንድ፣ እህቴ ዘንድ በነበርኩበት ጊዜ፣ በአንድ የአደን ውሾች ማሠልጠኛ ዓመት ከመንፈቅ ሠርቻለሁ። ሥራዬ የውሾቹን ቤት ማጠብና ሜዳ ላይ ቆሞ ዳሚ መወርወር ነበር። ዳሚ በወፍ ምትክ የሚወረወር የሸራ ወይም የፕላስቲክ ጥቅል ነው። ስንቱን እንደወረወርኩ ክንዴ ይመስክር። ዳክዬ ግን ቀምሼ አላውቅም፤ እኛ ቤት ድስት የሚገባው ዶሮ ብቻ ነው።

ሪትሪቨር ማለት አዳኙ ተኩሶ የጣለውን ወፍ ከሜዳም ከውኃም አንስቶ፣ ሳያኝክ፣ እጅ ላይ የሚያስረክብ ውሻ ነው። መጀመሪያ የሚማረው ተኩስ እየሰማና ወፍ ሲወድቅ እያየ «ሂድ» እስኪባል ዝም ብሎ መቀመጥን ነው። ከዚያ ወፉ የወደቀበትን ቦታ አስታውሶ ማምጣት ይመጣል። ከባዱ የመጨረሻው ነው፤ ሲወድቅ ያላየውን ወፍ፣ ጌታውን አምኖ፣ በፊሽካ እየቆመና በእጅ ምልክት እየተመራ ማግኘት አለበት።

ላብራዶር ለዚህ ሁሉ የተፈጠረ ተማሪ ነው። ድግግሞሽ አይሰለቸውም። ቢቆጡት ጆሮውን ጣል ያደርግና ወዲያው ይረሳዋል። ሆዳምም ነው፤ ለአንዲት ቁራሽ ብስኩት የማይሆነው የለም። ሐሜት እንዳይመስላችሁ! በ2016 እ.ኤ.አ. የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ4 ላብራዶሮች በ1ዱ ያህል ላይ ረሃብን የሚያባብስ የጂን ጉድለት ማግኘታቸውን አሳትመዋል። ጉድለቱ ይበልጥ የበዛው ደግሞ ለአካል ጉዳተኞች ረዳትነት በሚሠለጥኑት ላይ ነበር። ሆዱን የሚወድ ተማሪ ይታዘዛላ! አሜሪካ ውስጥ ከ1941 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚካሄደው የሪትሪቨሮች ብሔራዊ ሻምፒዮና አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው ላብራዶር ነው።

የሚገርመው ግን የመጀመሪያውን ሻምፒዮና ያሸነፈው ጎልደን ነበር። የጎልደን ዘር የተጀመረው በ1868 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ አንድ ባላባት ቢጫ ሪትሪቨር ከውኃ ስፓኒየል ጋር አዳቅሎ 4 ቢጫ ቡችሎች ባገኘ ጊዜ ነው። ጎልደን አፍንጫው ጎበዝ፣ ልቡ ግን ስስ ነው። አንድ ጩኸት ቀኑን ሙሉ ያበላሽበታል። ፀጉሩ ደግሞ የሜዳውን ጭጎጎት ሁሉ ለቅሞ ይመጣል፤ ማታ ማታ የማበጥረው እኔ ነበርኩ!

ቼሳፒክስ? በ1807 እ.ኤ.አ. በሜሪላንድ ጠረፍ ከሚሰጥም መርከብ የተረፉ ሁለት ቡችሎች፣ ሴይለርና ካንተን፣ የዘሩ መነሻ ናቸው። ሜሪላንድም በ1964 እ.ኤ.አ. የግዛቷ ውሻ ብላ ሰይማዋለች። ፀጉሩ ቅባታም ስለሆነ ውኃ እንደ ቅባኑግ ላዩ ላይ ይንሸራተታል። በረዶ የያዘ ውኃ ውስጥ ገብቶ ዳክዬ ለመልቀም ከእሱ የሚደርስ ውሻ አላየሁም። የጥንት አዳኞች ጀልባና የታደነውን ወፍ ያስጠብቁት ነበርና እስከዛሬ ጠባዩ የዘበኛ ነው። በራሱ ያስባል። ላብራዶር «እሺ» ሲል ቼሳፒክ «ለምን?» ይላል። አንዴ የገባውን ነገር ዐሥር ጊዜ ድገም ቢሉት እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። የሚበስለውም ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ 11 ወር የሞላውን ቼሳፒክ ከእኩያው ላብራዶር ጋር ማፎካከር የማይገጥሙ ነገሮችን ማጋጠም ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ፍላት ኮትድ እስኪያረጅ ድረስ ቡችላ ነው፤ ይጫወታል። ፀጉረ ከርዳዳው ከርሊ ኮትድ ብዙም አይገኝም። የካናዳው ኖቫ ስኮሺያ ዳክ ቶሊንግ ደግሞ ትንሽ ቀይ ተንኮለኛ ነው፤ ውኃ ዳር እየቦረቀ ዳክዬዎቹን በጉጉት ወደ አዳኙ ይስባቸዋል። ብቻ በየዘሩ ውስጥ ሰነፍም ጎበዝም አለ። ለውበት ውድድር ከተዋለዱ ወላጆች የተገኘ ላብራዶር ሜዳ ላይ ሲያዛጋ አይቻለሁ።

የኤሌክትሪኩ ማሰሪያ ነገር... አሜሪካ ውስጥ ብዙ ባለሙያዎች ይጠቀሙበታል፤ እነሱ ግን ውሻው አስቀድሞ በሚገባ ባወቀው ትእዛዝ ላይ ነው። ዌልስ በ2010 እ.ኤ.አ. ከናካቴው ከልክላዋለች። አንድ የተናደደ ባለቤት ቼሳፒኩን ኩሬ ዳር ሲነዝረው አይቻለሁ። ውሻው የተማረው ኩሬው ክፉ መሆኑን ብቻ ነው። ክረምቱን ሙሉ እዚያ ኩሬ አልገባም አለ። አንተ ተናደህ ሳለህ ያንን ቁልፍ በእጅህ እንድትይዝ አልመክርህም።

ከሁሉ በፊት ውሻውን ሐኪም ዘንድ ውሰደውና ዳሌውንና ክርኑን ያሳይ። እነዚህ ዘሮች የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ያጠቃቸዋል፤ በሦስተኛው ላይ የሚቀመጠው አሞት ሊሆን ይችላል። ጤነኛ ከሆነ ሁለቴ ወርውርለትና ሦስተኛውን ገና እየፈለገ ሳለ አቁም። በየቀኑ ሜዳ ቀይርለት። ላብራዶሩ ሲሠራ የአንተን በማሰሪያ ይዘህ አስቀምጠው፤ ዝም ብሎ ይይ። እጮኛህም ትወርውርለት። በ2 ዓመቱ ሲበስል፣ በታኅሣሥ ብርድ፣ ዳክዬው በረዷማው ውኃ መሀል ሲወድቅ የትኛው ውሻ ቀድሞ እንደሚገባ ያኔ ጻፍልኝ።