የቡሬ ጦርነትና የሽማግሌዎች ትዝታ

በጦር ሜዳ የዋለ ሰው በዚያች ሰዓት የሚያየው ጭሱንና በአጠገቡ የወደቀውን ጓደኛውን ነው፤ የነገሩን መላ የሚያገኘው ግን ዘመን ካለፈ በኋላ፥ ሸምግሎ ተቀምጦ ሲያስበው ነው። ስለዚህ የሽማግሌ ዘማች ትዝታ ለታሪክ ጸሐፊ እንደ መዝገብ የሚቈጠር ነው።

ከጎጃም ሰዎች እንዲህ ያለውን መዝገብ በብዕር ትተው ካለፉት አንዱ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በደብረ ማርቆስ አጠገብ በእንዶዳም ተወልደው፥ በደብረ ኤልያስና በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ተምረው፥ በ1928 ዓ.ም. ከራስ እምሩ ጋራ ወደ ሽሬ ዘመቱ። በታኅሣሥ ወር ያ ሠራዊት በደንበጊና የጠላትን ታንኮች ማረከ፤ ብዙ ቀንም ሳይቈይ በተከዜ ዳር ከአውሮፕላን የመርዝ ጢስ ወረደበት። ሐዲስ ዓለማየሁ በኋላ ተማርከው በጶንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታሰሩ። የዘመቻቸውንም ነገር በሽምግልናቸው «ትዝታ» በተባለው መጽሐፍ ጻፉት።

ነገር ግን ጎጃም ነጻ ስትወጣ እሳቸው በባሕር ማዶ እስረኛ ነበሩ። በ1933 ዓ.ም. በቡሬ ምሽግ የሰፈረው የኮሎኔል ናታሌ ወታደር ብዙ ሺህ ሲሆን፥ ከሱዳን በኩል የመጣው የእንግሊዙ የዊንጌት ጦር ሁለት ሺህ ያህል ቢሆን ነው። ዊንጌት ጦሩን «ጌዴዎን» ብሎ መሰየሙ ለካህናት ነገሩን ያስረዳል፤ በመጽሐፈ መሳፍንት ጌዴዎን በሦስት መቶ ሰው፥ በችቦና በማሰሮ የምድያምን ሰፈር እንዳሸበረ፥ ይህም ጦር ብዙ መስሎ በመታየት የሚዋጋ ነበር። የካቲት 25 ቀን ጠላት ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ ሸሸ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ቀድሞ ወጀት ይባል የነበረውም ከተማ ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም ያገኘው ከዚሁ ጉዞ የተነሣ ነው።

ጠላት የሸሸው ዊንጌትን ፈርቶ ብቻ ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። ከደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ከደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ጋራ የተሰለፈው ገበሬ አስቀድሞ መንገዱን ዘግቶ፥ ጠላትን በምሽጉ ውስጥ አስቀርቶት ነበር። አዲስ አበባ ተወልዶ በጎጃም የዘመተው እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ የሕይወቱን ታሪክ አሳተመ። በደጋ ዳሞት ያለው አብሮ አደግ ዘማች ግን ያለውን ያወጋው በምድጃ ዳር ነው። ኑሮውም ከድሉ በኋላ ሁሉ ሰላም አልነበረም፤ በ1960 ዓ.ም. ስለ እርሻ ገቢ ግብር በጎጃም ካመፁት ገበሬዎች መካከል የቀድሞ አርበኞች ነበሩ፥ መንግሥትም ጦርና አውሮፕላን አዘመተባቸው። ይህን የመሰለ ዕድሜ ከባለቤቱ አንደበት ሳይጻፍ መቅረቱ ቀላል ጉዳት አይደለም።

አሁን እነዚያ ዘማቾች አልፈዋል፤ የሰሟቸው ልጆችና የልጅ ልጆች ግን አሉ። ለሚጽፈው ሰው አንድ ችግር አለ፤ ቄሱ በተዝካሩ የጠራው በክርስትና ስሙ፥ አዝማሪው ያወደሰው በፈረስ ስሙ፥ መንደሩ ያወቀው በሌላ ስም ነው። አንዱን ዘማች ለማግኘት ካህኑና የልጅ ልጁ በአንድ ደጀ ሰላም ተቀምጠው ሦስቱን ስሞች ማገጣጠም ይኖርባቸዋል።